ሃያ ሦስተኛው ፊት

የሰው ፊት አይጠፋኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሠራ የኖርኩት ፊት ነው፤ ዊግና ባርኔጣ የሚሸጡ ሱቆች መስኮታቸው ላይ የሚደረድሯቸውን፣ ከትከሻ በላይ ብቻ ያሉትን አሻንጉሊቶች። ጀሶውን አቡክቼ ፎርማ ውስጥ አፈሳለሁ፣ ሲጠና በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ቅንድብና ከንፈር በብሩሽ እስላለሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ አቧራ እንዳይቀመጥበት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። መጨረሻ ላይ ማጅራታቸው ሥር በሚስማር ቁጥር እጭራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ኋላ የደረሰብኝን ስትሰሙ «ድሮም ዓይኗ ደካማ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ፎርማው የተወሰደው ከታናሽ እህቴ ፊት ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሰው ፍለጋ ከምንከራተት አንቺው ተኚልኝ ብዬ፣ ፊቷን ቫዝሊን ለቅልቄ፣ አፍንጫዋ ውስጥ ሁለት ስትሮ ሰክቼ ጀሶውን አለበስኳት። ግን የቤት ስሟ ሳቂታ ነው፤ በከንቱ አልወጣላትም። ጀሶው ሊይዝ ሲል ፍርፍር ብላ ሳቀችና ሰነጠቀችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው ደሜ ፈላ። «ከአሁን በኋላ ብትስቂ እህቴ አይደለሽም!» ብዬ ጮህኩባት። ፈርታ ጸጥ አለች፤ ያ የፈራ ፊት ወጣ። ከንፈሩ ግጥም ያለ፣ አገጩ ትንሽ ቀና ያለ። ሳቂታ ራሷ ባየችው ቁጥር «ይቺ ደግሞ የማን ቤት ኩራተኛ ናት?» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሳቂታ ሴት ልጅ ወለደች። አባት ተብዬው ልጅቷ በሆድ እያለች ድራሹ ጠፍቷል፤ እግዜር ይይለት። ሕፃኗ በስድስት ሳምንቷ ድንቡሽቡሽ ማለት ጀምራ እኔ «ድንቡሼ» እያልኩ ስጠራት፣ እናቷ ደም ማሳል ጀመረች። ሳንባ ነው አሉ። ራቅ ያለ ሆስፒታል ተኝታ ለብዙ ወር መታከም አለባት፣ ልጅ ወደዚያ አይገባም አሉ።

መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

«እታለም፣ ስመለስ ታውቀኛለች?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! እንድታውቅሽ አደርጋለሁ። ለእኔ ተዪው።»

ይኸው ቃሌ ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው!

ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ። የፊቷ ልክ በእጄ አለ፤ ያውም አንድ ሱቅ አዞኝ ሳይወስዳቸው የቀሩ ሃያ ሁለት አሻንጉሊቶች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። የድንቡሼን አልጋ ከወርክሾፑ ኋላ ባለው ክፍል አስገባሁና ሃያ ሁለቱንም ዙሪያዋን ደረደርኳቸው። ጡጦ ስሰጣት ወደ እነሱ አዙሬ ነው። «እማዬ ናት፣ እማዬን እይ» እላታለሁ። በየቀኑ። በራሴ ብልጠት ስደሰት ለጉድ ነበር።

የእኔ ፊት የታለ በሉኛ። ሐኪሙ «አንቺም ተይዘሽ እንደሆነ እስክንመረምርሽ ለሁለት ሳምንት ልጅቷ አጠገብ ማስክ አድርጊ» ብሎኝ ነበር። ተመረመርኩ፤ ነጻ ነሽ አሉኝ። ቢሳሳቱስ? ብዬ አላወለቅኩትም። ደግሞ የጀሶው ብናኝ አለ፤ ለሱ የሥራ መነጽር አደርጋለሁ፣ ፀጉሬን እስከ ቅንድቤ እሸፍናለሁ። ስተኛም ከማስኬ ጋር ነው። እኔ ነገር ከያዝኩ አልለቅም፤ የሐኪሙን ሁለት ሳምንት ስምንት ወር አደረግሁት። ጎረቤት እንደሆነ በሽታውን ፈርቶ፣ ያመጣውን በር ላይ አስቀምጦ ይሮጣል። እንግዲህ ያቺ ልጅ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ያየችው ፊት የጀሶ ፊት ብቻ ነው። ያኔ ግን ይህ አልታየኝም።

የታየኝ የልጅቷ ጨዋነት ነው። ለቅሶ የለ፣ ጩኸት የለ። ተቀምጣ ታያቸዋለች። አንዷን ትኩር ብላ ታይና ወደ ቀጣይዋ ታልፋለች፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች። ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች። ከንፈሯን ግጥም፣ አገጯን ቀና አድርጋ። የአምስት ወር ልጅ እንዲህ ስትቀመጥ አንዳንዴ ውርር ያደርገኛል፤ ቢሆንም «እናቷን መስላ ነው» እላለሁ። እናቷ ግን እንዲህ ተቀምጣ አታውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ባለዊጓ ደንበኛዬ አንድ አሻንጉሊት በአስቸኳይ ፈለገች። እጄ ቀድሞ የነካትን ከመደርደሪያው አንስቼ በር ላይ ሰጠኋት። ስመለስ ድንቡሼ እየጮኸች ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። በጣቷ ባዶውን ቦታ ታሳያለች።

«ውይ የኔ እናት፣ ለዚህ ነው? ቆይ!» ብዬ ከወርክሾፑ ሌላ አመጣሁ። ያው ፎርማ፣ ያው ቀለም፣ ያው ብሩሽ፣ ያው የእኔ እጅ። ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። ከበፊቱ ብሳ ጮኸች።

ሁለት ቀን ጡጦ አልያዘችም። በሦስተኛው ቀን የቀሩትን ማጅራት ዳስሼ የጎደለችው ሰባት ቁጥር መሆኗን አወቅኩ፤ ጎረቤቴን ከበር ሆነሽ ጠብቂልኝ ብዬ ወደ ባለዊጓ በረርኩ።

«ያቺን መልሽልኝ፤ ሌላ ሁለት እሰጥሻለሁ።»

«ምን ነካሽ? ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?» አለችና ሳቀች። እሷ መስኮት ላይ ከእኔ የወሰደቻቸው አራት አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል። ቆሜ አየኋቸው፤ የቷ እንደሆነች አላወቅኩም። ሠሪያቸው እኔ! አንድ በአንድ እየደፋሁ ማጅራታቸውን በጣቴ ዳሰስኩ። ሦስተኛዋ ላይ ሰባት ቁጥርን አገኘሁ።

ቤት ስገባ ከፌስታሉ ግማሽ ፊቷ ብቅ እንዳለ ድንቡሼ ሁለት እጇን ዘረጋች። ለቅሶው ቁርጥ አለ።

ከዚያ በኋላ አላስችል አለኝ። ስትተኛ ቦታ እለዋውጣቸዋለሁ፤ ነቅታ መጀመሪያ የምትፈልገው ሰባት ቁጥርን ነው። ጥግ ባደርጋት፣ ከላይ ብሰቅላት፣ ዓይኗ ይዞራል ይዞራል፣ እዚያ ሲደርስ ቀጥ። አሥራ አራት ቁጥርን ደብቄ አሥራ አምስትን ቦታዋ ባስቀምጥ ታኮርፋለች። ትክክል መሆኗን ለማወቅ አንገታቸውን ደፍቼ ቁጥራቸውን የማየው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። እነዚያን ሃያ ሁለት አንድ ዓይነት ፊቶች ሃያ ሁለት ሰው አድርጋ ታውቃቸዋለች። መጀመሪያ ኮራሁ። ቀጥሎ ግን ክፍሉ ውስጥ ስገባ የማላውቃቸው ሰዎች ጨዋታ ላይ የደረስኩ እየመሰለኝ በሩን ማንኳኳት አማረኝ።

የዘጠኝ ወር ክትባቷን ላስወጋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ማስኳን ዝቅ አድርጋ «እንዴት ነሽ ቆንጅዬ!» ብላ ሳቀችላት። ድንቡሼ እሪ አለች። ነርሷ ደንግጣ ፊቷ ክው አለና ደርቃ ቀረች፤ ድንቡሼም ወዲያው ዝም አለች። ነርሷ አሰብ አደረገች። ሆን ብላ እንደገና ሳቀች፤ ልጅቷ ጮኸች። ነርሷ ፊቷን አደረቀች፤ ልጅቷ ዝም።

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አለችኝ።

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ረጋ ብላ «እስቲ አንቺ ማስክሽን አውልቂ» አለችኝ። አወለቅኩ። መነጽሬንም። ስምንት ወር በእጄ ያሳደግኳት ልጅ፣ አፌን አይታ፣ ከእኔ ለማምለጥ ወደ ነርሷ ተወረወረች።

«ልጆች መጀመሪያ ላይ ለየትኛውም ፊት ክፍት ናቸው» አለች ነርሷ። «የሰው ይሁን የዝንጀሮ፣ አንዱን ካንዱ ይለዩታል። ከዚያ ዓይናቸው በየቀኑ ያየውን ያጠናል፤ ያላየውን ይተወዋል። ይቺ የማይንቀሳቀስ ፊት አጥንታለች። የእኛ ፊት ሲንቀሳቀስ ፊት አይመስላትም።»

«አይመለስም?»

«ገና ጨቅላ ናት፤ ይመለሳል። ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀስ ፊት አስለምዷት፤ ቶሎ ጀምሩ።»

ቶሎ ጀመርኩ? ፈሪ ነኝ፤ አልጀመርኩም። እንዳትጠላኝ ብዬ ማስኬን መልሼ አጠለቅኩ። በዚያው ሳምንት ሳቂታ ደወለች። «እታለም፣ ድኛለሁ! አርብ እወጣለሁ! ታውቀኛለች አይደል?» ድምፁ ራሱ ይስቃል። «ታውቅሻለች» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አርብ ከሰዓት መጣች። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ዓይኗ ሰፍቷል፣ ሳቋ ግን ያው ነው፤ ከመንገድ ጀምሮ ይሰማል። እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ እጇን ዘርግታ «የኔ ዓለም! የኔ ድንቡሼ!» ብላ ገባች። ድንቡሼ አየቻት። ያ የሚፈለቀቅ አፍ፣ የሚርገበገብ ዓይን፣ የሚንቀጠቀጥ ጉንጭ ሲጠጋት ትንፋሿ እስኪቆም ጮኸች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ነጥቄ ወደ መደርደሪያው አዞርኳት። ሰባት ቁጥርን ስታይ ጸጥ አለች።

ሳቂታ ክንዷ እንደተዘረጋ ቀረ። ቀስ ብላ ግድግዳውን ዙሪያውን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንቺ ነሽ» አልኳት። «እንድታውቅሽ ብዬ።»

ብትመታኝ በወደድኩ፤ አልመታችኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ልጅቷን ከኋላዋ ሆና ጡጦ ሰጠቻት፣ ከኋላዋ ሆና አጠበቻት። ዞር ስትል ድንቡሼ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ሳቂታ ሰባት ቁጥር ፊት ቆማ «እነሱን ታውቃለች፤ እኔን አታውቅም። እነሱ እኮ እኔ ነኝ!» ብላ ተንሰቀሰቀች። መዶሻዬን አንስቼ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ተዪ! እነሱን ከሰበርሽ ማን ይቀርላታል?»

በማግስቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ወጥቼ ተመለስኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። የኋላውን ክፍል በር ገፋ አደረግሁ። አሻንጉሊቶቹ ከመደርደሪያው ወርደው ዝቅተኛዋ ረጅም ጠረጴዛ ላይ በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ድንቡሼ ወለሉ ላይ እየዳኸች መጥታ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች፤ ዳር ዳሩን እየተደገፈች በእያንዳንዳቸው ፊት ታልፋለች። እንደ ልማዷ ትኩር ብላ አይታ ወደ ቀጣይዋ። አንዷ ጋ ስትደርስ ቆመች። እኔም አየሁና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሳቂታ ከጠረጴዛው ጀርባ ተንበርክካለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ፊቷን ፓውደር ነስንሳ፣ አንገቷን በሁለት አሻንጉሊቶች መካከል አስገብታለች። ከንፈሯ ግጥም፣ አገጯ ቀና ብሏል። ዓይኗ አይርገበገብም። ሦስተኛው ጀሶ ላይ የወጣው የፈራ ፊት ነው።

ድንቡሼ ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የእናቷን ጉንጭ ነካችው። ሙቀቱ አስደነገጣት መሰለኝ እጇን ሰብሰብ አደረገች። እንደገና ነካችው። መጨረሻ ላይ የራሷን ጉንጭ እናቷ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። ከእህቴ ዓይን እንባ ወረደ፤ ፓውደሩን እየቀደደ እስከ አገጯ ወረደ። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተነቃነቀም።

እንዲህ ተጀመረ። ሳቂታ በየቀኑ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ ትመጣለች። መጀመሪያ ዓይን ማርገብገብ ብቻ፤ ሦስት ቀን። ቀጥሎ ቅንድብ። ከንፈር ከፈት ለማድረግ አሥራ አንድ ቀን ወሰደ። እኔም ማስኬን በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ሳደርግ ከረምኩ። አንድ ቀን የጀሶ ብናኝ አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝና የብሩሽ ውሃው ላዬ ላይ ተደፋ። ሳቂታ አምልጧት ከት ብላ ሳቀች። በቃ። ድንቡሼ እሪ ብላ ሸሸች፤ ዘጠኝ ቀን አልጠጋም አለቻት። የለፋንበት ሁሉ ገደል ገባ፤ ከዓይን ማርገብገብ እንደገና ጀመርን።

ከዚያ ወዲህ ሳቂታ ልጅቷ ተኝታ እያለችም አልሳቀችም። እኔ ቀልድ ሳወራ ወደ ግድግዳ ትዞራለች። «ከለመደብኝ ያመልጠኛል፣ እታለም» አለችኝ፤ ይህንንም ያለችው ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው።

ነርሷ እንዳለችው ሆነ፤ ተመስገን። በዓመት ከመንፈቋ ድንቡሼ ጎረቤቱን ሁሉ ለየች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ከእኔ ማስነጠስ ጋር አብራ ማስነጠስ ጀመረች። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ወሬኛ ናት፣ ስትስቅ ድዷ ሳይቀር ይታያል፤ ሳቋ ከመንገድ ይሰማል። የማን ሳቅ እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ነርሷ ከሁለት ዓመት በፊት ለእህቴ «በቃ፣ አሁን እንደልብሽ ሳቂላት» ብላት ነበር። የዚያን ቀን ሳቂታ መስታወት ፊት ቆመች፤ ብዙ ቆየች። ሻይ ይዤላት ስገባ በሁለት ጣቷ የከንፈሯን ዳርና ዳር ወደ ላይ ይዛ ነበር። ስትለቃቸው ተመልሰው ወረዱ።

«አይመጣም» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ፤ ፊቷ ግን ቀልድ የለበትም። «ውስጤ ይስቃል እኮ። ፊቴ ነው ያልሰማው።»

«ይመጣል፣ ይመጣል» አልኳት። ምን ልበላት? መጀመሪያ አትሳቂ ያልኳት እኔ ነኝ።

ያለፈው ማክሰኞ ምሳ በልተን ወደ ሥራ ተመለስን። ሳቂታ አሁን አብራኝ ትሠራለች፤ ከንፈር የምትቀባው እሷ ናት። ጠዋት የቀባናቸው ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ልማዴ አንድ በአንድ አንገታቸውን እየያዝኩ ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። ድንቡሼ ወለሉ ላይ በተሰበረ ብሩሽ ትጫወታለች። አንዷን አዞርኩ፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። አራተኛዋን አንገቷን ስይዛት ሞቀችኝ።

«አክስቴ! ምን ሆነሻል?» ድንቡሼ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። «እማዬ እኮ ናት!»

ሳቂታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ደክሟት ነው፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ዕረፍት ስታደርግ። ዓይኗን አላዞረችም።

«እኔ ነኝ፣ እታለም» አለች።

እጄ እንዳለ ነው፤ ከሻሿ ሥር ገብቶ ማጅራቷን ይዳስሳል። ጣቴ ቁጥሩን እየፈለገ ነበር።